48 ፓክ እና አንድ ቀዳዳ፦ የካናዳ ወጣቶች ሆኪ ቡድን ታሪክ በእንጨት ላይ

ጥቅምት መግቢያ። ምን እንደምንሠራ

የምንሠራው አምስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የእንጨት ሰሌዳ ነው። የካናዳን የወጣቶች ብሔራዊ የበረዶ ሆኪ ቡድን ታሪክ ከዳር እስከ ዳር ይዞ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ለእያንዳንዱ የዓለም ሻምፒዮና አንድ እውነተኛ ፓክ፣ ማለትም በሆኪ የሚመታው ክብ ጥቁር ጎማ፣ ይኖረዋል። ወርቅ ያገኙበት ዓመት የወርቅ ቀለም ይቀባል። ብር ያገኙበት የብር፣ ነሐስ ያገኙበት የነሐስ። ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ዓመት ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ከእያንዳንዱ ፓክ ሥር ሁለት ሦስት መስመር አማርኛ ይጻፋል።

ቦታው ኤድመንተን ነው። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የሚሰጥበት አዳራሽ፣ የልጆቹ ክፍል። ልጆቻችን ሆኪ ይጫወታሉ። እኛ ወላጆች ማለዳ ሜዳው ዳር ቡናችንን ይዘን በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ልጆቹ ስለ ብሔራዊ ቡድኑ ሲያወሩ ግን ብዙዎቻችን ወሬው አይገባንም። ሰሌዳው በአማርኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። እናት ታነባለች፣ ልጅ የቀረውን ያስረዳል።

ለማያውቀው ውድድሩን ላስተዋውቅ። የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ከ20 ዓመት በታች ለሆኑ ተጫዋቾች ነው። በየዓመቱ ከዲሴምበር 26 አንስቶ እስከ ጃንዋሪ 5 ገደማ ይካሄዳል። ካናዳ ውስጥ በበዓል ሰሞን ቴሌቪዥን ከተከፈተ እሱ ነው የሚታየው። ይፋዊ ሆኖ የተጀመረው በ1977 ነው። ከዚያ እስከ 2025 ድረስ 49 ጊዜ ተካሂዷል። ካናዳ 20 ወርቅ፣ 10 ብር እና 5 ነሐስ ወስዳለች። 14 ጊዜ ያለ ሜዳሊያ ተመልሳለች።

ዓመተ ምሕረቱን በተመለከተ ትንሽ ተከራክረናል። ውድድሩ በአንዱ የፈረንጅ ዓመት ተጀምሮ በሌላው ያልቃል። ስለዚህ የሚጠራው በሚያልቅበት ዓመት ነው። በእኛ አቆጣጠር ግን ይህ ጣጣ የለም። ውድድሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታኅሣሥ ውስጥ ይወድቃል፣ ገና ሁለት ቀን ሲቀረው ያበቃል። በመጨረሻ ትልቁ ቁጥር የፈረንጁ እንዲሆን፣ ከሥሩ የእኛው ዓመት በትንሹ እንዲጻፍ ተስማማን። ከዚህ በኋላ እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

ጥቅምት አጋማሽ። ፓኩ ራሱ

ፓክ የተጠናከረ ጥቁር ጎማ ነው። ከዳር እስከ ዳር 7.62 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.54። ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም። በእጅ ሲይዙት ከጠበቁት በላይ ይከብዳል። ይህ ነገር በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ወደ በረኛው ሲመጣ ማሰብ ነው።

አዲስ መግዛት አልፈለግንም። ሜዳው ላይ የሚሠሩ ሰዎች ያረጁትን በባልዲ ሞልተው ሰጡን። ጠርዛቸው ተፋፍቋል። አንዳንዶቹ ላይ ከሜዳው ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለም ተለጥፏል። እሱን አልጠረግነውም። የተመታ ፓክ መሆኑ መታየት አለበት።

ሥራውን የሚመራልን ጎረቤቴ ነው። አዲስ አበባ አናጺነት ተምሮ፣ እዚህ አልበርታ ውስጥ ቤት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ፓኩን በትራፓኖ ስንበሳው ጎማው መብሻውን ጨብጦ አልለቅም አለ። ቀዳዳውም መብሻው ሲወጣ መልሶ ይጠባል። ጋሼ አየና «ውጭ አሳድሩት» አለ። አሳደርነው። ጠዋት ደንድኖ ነበር። በዝግታ ሲበሳ ጥርት ብሎ ወጣ።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተሳሳቁ። ለካ እነሱ ያውቁታል። በትልልቅ ውድድሮች ፓኩ ከጨዋታ በፊት በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። የሞቀ ጎማ ይነጥራል፣ የቀዘቀዘ ግን በበረዶው ላይ ተኝቶ ይንሸራተታል። በጨዋታው መሐል እየቀየሩ አዲስ የቀዘቀዘ የሚያስገቡትም ለዚህ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ። ቀለም እና የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

ጎማ ቀለም አይወድም። ላዩ ቅባት አለው። መጀመሪያ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እናጥበዋለን። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እንፈትገዋለን፣ በአልኮል እንጠርገዋለን። ለፕላስቲክ የሚሆን አንደኛ እጅ ከተነፋበት በኋላ ነው ወርቁ የሚመጣው። በጥፍር ተፍቆ ካልተላጠ አልፏል።

ቀለም ሲደርቅ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ጽሑፍ አዘጋጀሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ካናዳ መጀመሪያ ላይ የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን አልነበራትም። ከ1974 እስከ 1976 ውድድሩ ይፋዊ ባልነበረበት ጊዜ ካናዳን የወከሉት ክለቦች ወይም የአንድ ሊግ ምርጦች ነበሩ። በ1974 ሌኒንግራድ የሄደው የፒተርቦሮ ክለብ ነው። በ1977 ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ የመጀመሪያው ይፋዊ ሻምፒዮና ሲካሄድም ከሴንት ካትሪንስ የመጣ ክለብ ተጠናክሮ ሄደ፣ ብር ይዞ ተመለሰ። ሌላው አገር ምርጥ ልጆቹን ከየክለቡ ሰብስቦ ይመጣል። ካናዳ አንድ ክለብ አንስታ የአገር ማልያ ታለብሳለች። ወርቁን የሶቭየት ኅብረት ወሰደች። በተከታታይ አራት ጊዜ።

በ1978 ውድድሩ ሞንትሪያል እና ኬቤክ ሲመጣ ለአንድ ጊዜ ከየክለቡ የተመረጠ ቡድን ተሠራ። ከተመረጡት መሐል አንድ ቀጭን የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ዌይን ግሬትስኪ፣ በኋላ የሆኪ ትልቁ ኮከብ የሆነው። በስድስት ጨዋታ 17 ነጥብ አስመዘገበ፣ 8 ጎል አግብቶ 9 አቀበለ፣ የውድድሩ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢ ሆነ። ቡድኑ ግን ነሐስ ነው ያገኘው። እዚህ ኤድመንተን ግሬትስኪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ልጆቹ ያንን የነሐስ ፓክ ለመቀባት ተሻሙ።

ከዚያ ደግሞ ወደ ክለብ መላክ ተመለሱ። 1979 አምስተኛ። 1980 አምስተኛ። 1981 ሰባተኛ። ሦስት ጥቁር ፓክ በተርታ። ሰሌዳው ላይ አስቀምጠን ራቅ ብለን ስናይ እነዚህ ሦስቱ ከግራ በኩል ጎላ ብለው ወጡ። አንድ ወላጅ «እነዚህን ብናሳንሳቸውስ?» ብላ ጠየቀች። ለልጆቹ ተስፋ የሚያስቆርጥ እንዳይሆን አስባ ነው። እኔ አልተስማማሁም። ከሦስቱ ጥቁር በኋላ የሚመጣው ወርቅ ያለ እነሱ አይገባም።

ኅዳር መግቢያ። 1982

ይህችን አንዲት ፓክ ብቻዋን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሠራናት።

በ1981 ሰባተኛ ሆነው ሲመለሱ የካናዳ አማተር ሆኪ ማኅበር ቁርጥ ውሳኔ ወሰነ። ከእንግዲህ ክለብ አይላክም። ከአገሪቱ ሦስት ትልልቅ የወጣት ሊጎች ልጆች ይመረጣሉ፣ በበጋ ካምፕ ይገባሉ፣ አንድ አሰልጣኝ አንድ አጨዋወት ያስተምራቸዋል። ክለቦቹ በዓመቱ መካከል ኮከቦቻቸውን አሳልፈው መስጠት ነበረባቸው። ቀላል ነገር አልነበረም። ፕሮግራሙን ከገፉት ሰዎች ዋናው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሙሬይ ኮስቴሎ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ኪንግ ተባለ። አምበሉ ትሮይ ሙሬይ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ዊኒፔግ ላይ የሶቭየትን ቡድን 7 ለ 0 አሸነፉ። ያ ቁጥር በወቅቱ ጉድ የተባለለት ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ሚኒሶታ፣ ሮቸስተር ከተማ ከቼኮስሎቫኪያ ጋር ነበር። በዚያን ጊዜ የፍፃሜ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ከሁሉም ተጫውቶ ነጥብ ይቆጠራል። ለካናዳ አቻ ይበቃታል። 3 ለ 3 ወጡ። የመጀመሪያው ወርቅ።

ሜዳሊያው ሲሰጥ የካናዳ ብሔራዊ መዝሙር ቅጂ አልተገኘም። ልጆቹ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው በረዶው ላይ ቆሙና ራሳቸው ዘመሩት። ያለ ሙዚቃ፣ በወጣት ጎርናና ድምፅ።

የቅዳሜ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ «እኛም የኢትዮጵያን መዝሙር ያለ ስፒከር እንችላለን» አለች። እዚያው ጀመሩት። ጋሼ መጋዙን አጥፍቶ ቆመ።

ከፓኩ ሥር የጻፍነው ይህን ነው፦ «የመጀመሪያው ወርቅ። ከየክለቡ የተመረጠ ቡድን። መዝሙሩን ራሳቸው ዘመሩ።»

ኅዳር፣ ሁለተኛው ሳምንት። ቀዳዳው

1987ን ምን እናድርገው? ይህ ጥያቄ ሥራውን ለአንድ ሳምንት አቆመው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 4፣ 1987። በእኛ ታኅሣሥ 26፣ 1979። ፒየሽታኒ፣ ቼኮስሎቫኪያ። ካናዳ እና የሶቭየት ኅብረት የመጨረሻ ጨዋታቸውን ያደርጋሉ። የሶቭየት ቡድን ከሜዳሊያ ውድድር ውጪ ሆኗል፣ የሚያጣው ነገር የለም። ካናዳ ግን ሜዳሊያ በእጇ ነው። በአምስት ጎል ልዩነት ካሸነፈች ወርቅ ነው። ከሦስቱ ክፍለ ጊዜ ሁለተኛው እየተካሄደ 4 ለ 2 ትመራለች።

ዳኛው የኖርዌዩ ሃንስ ሮኒንግ ነበር። ጨዋታው ከመጀመሪያው በክርን እና በስቲክ፣ በመጫወቻው ዱላ፣ የታጀበ ነበር። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ሜዳ ውስጥ ያሉት ተያያዙ። ከዚያ የሶቭየት ተጫዋቾች ከወንበራቸው ዘለው ገቡ። የካናዳዎቹም ተከተሉ። ዳኞቹ ማስቆም ሲያቅታቸው ሜዳውን ለቀው ወጡ። አዘጋጆቹ መብራት አጠፉ። ልጆቹ በጨለማ ቀጠሉ። ወደ 20 ደቂቃ ያህል ቆየ።

ሁለቱም ቡድኖች ከውድድሩ ተባረሩ። ውጤታቸው ተሰረዘ። ወርቁ ለፊንላንድ ሆነ። በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ልጆች መካከል ካናዳ በኩል ቲዮ ፍሉሪ እና ብሬንደን ሻናሃን፣ በሶቭየት በኩል ሰርጌይ ፌዶሮቭ እና አሌክሳንደር ሞጊልኒ ይገኙበታል። ሁሉም በኋላ ትልልቅ ስም ሆኑ። ከካናዳዎቹ ፒየር ተርጆን ወንበሩ ላይ ቀርቶ አልተደባደበም። ያኔ ብዙ ተወቀሰበት። እኔ ልጆቹ ስሙን እንዲያውቁት እፈልጋለሁ።

ጋሼ የጨዋታውን ታሪክ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አለ። አጠገቡ የነበሩ ልጆች አልገባቸውም። እሱም ቁጭ አድርጎ ነገራቸው። በአገር ቤት በገና ሰሞን ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩር የሚመቱበት ጨዋታ እንዳለ። ጌታም ሎሌም አንድ ሜዳ ላይ እንደሚወርዱ። እዚያ ላይ ብትመታ እንደማትቆጣ። «ያው የእናንተ ሆኪ ነው፣ በረዶው ብቻ የለም» አላቸው። አንዱ ልጅ «ሄልሜት አላቸው ጋሼ?» ሲል፣ ጋሼ የግንባሩን ጠባሳ አሳየው።

ለ1987 ጥቁር ፓክ ማድረግ ትክክል አልመሰለኝም። ጥቁር ማለት ተጫውተው ሜዳሊያ አላገኙም ማለት ነው። እዚህ ግን ውጤቱ ራሱ የለም። አንዳንዱ ወላጅ የነሐስ ቀለም እንቀባው አለ። ቢያንስ ነሐስ ይገባቸው ነበር ብሎ። ካናዳ ውስጥም ያን ጊዜ እንዲህ የሚሉ ሞልተው ነበር። ለተጫዋቾቹ አገር ቤት ለብቻ የወርቅ ሜዳሊያ ተሠርቶ ተሰጥቷቸዋል። መፍትሔውን ጋሼ አመጣው። ክብ መቁረጫውን ትራፓኖው ላይ ገጠመና ፓኩ ሊቀመጥበት የነበረውን ቦታ በስቶ አወጣው። በሰሌዳው ላይ ልክ የፓክ ስፋት ያለው ቀዳዳ። በውስጡ ከኋላ ያለው ግድግዳ ይታያል።

ልጆቹ እጃቸውን እየከተቱ ይጫወቱበታል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርገን አለስልሰነዋል።

ከቀዳዳው ቀጥሎ ያለው ወርቅ ደግሞ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አለው፦ «1988፣ ሞስኮ። የታገዱት ቅጣቱ ተቀንሶላቸው ተመለሱ። አምበሉ ፍሉሪ።» መጀመሪያ የተጣለባቸው እገዳ 18 ወር ነበር። ወደ ስድስት ወር ባይወርድ ኖሮ ፍሉሪ ሞስኮ ላይ ባልቆመ ነበር።

ኅዳር አጋማሽ። የወርቅ ሰልፍ

ከ1990 በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ወርቅ መቀባት ነው። 1990 እና 1991። ከዚያ ከ1993 እስከ 1997 አምስት በተከታታይ። በ1991 ሳስካቱን ላይ ጆን ስሌኒ የሶቭየትን ቡድን ያሸነፈበትን ጎል አገባ። በዚያው ዓመት ነው ቲኤስኤን የተባለው የስፖርት ጣቢያ ውድድሩን ማሳየት የጀመረው። ያ ጎል እና ያ ስርጭት አንድ ላይ መጡ። የበዓል ሰሞን ልማድ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

1995 እዚሁ አልበርታ፣ ሬድ ዲር ነበር። በዚያ ክረምት የሰሜን አሜሪካው ትልቁ ሊግ በባለቤቶች እና በተጫዋቾች ክርክር ተዘግቶ ስለነበር ሌላ ጊዜ የማይለቀቁ ልጆች ሁሉ ተገኙ። ሰባት ጨዋታ፣ ሰባት ድል። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2005ም ሊጉ ተዘግቶ እንደዚሁ ሆነ።

ከአምስቱ ወርቅ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ግን ሁሉም ሰው ጣቱን የሚጠቁምበት ነው። 1998፣ ፊንላንድ። ስምንተኛ። በካዛክስታን 6 ለ 3 ተሸንፈው። ከ1997ቱ ወርቅ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያለ ጽሑፍም ይናገራሉ።

ከ1998 እስከ 2004 ሰባት ዓመት ያለ ወርቅ አለፈ። ከእነዚህ ውስጥ የ2004ቱ ብር ያሳዝነኛል። ሄልሲንኪ ላይ ከአሜሪካ ጋር። ሁለት ክፍለ ጊዜ አልቆ 3 ለ 1 ይመራሉ። በሦስተኛው አቻ ሆኑ። ከዚያ በረኛው ማርክ አንድሬ ፍሉሪ ፓኩን ለማራቅ ሲመታው የራሱን ተከላካይ ነክቶ ተመልሶ መረብ ውስጥ ገባ። 4 ለ 3። የአሜሪካ የመጀመሪያ ወርቅ። በረኛ የሆነው የእኔ ልጅ ይህን ታሪክ ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ያ በረኛ በኋላ የትልቁን ሊግ ዋንጫ፣ ስታንሊ ዋንጫን፣ ሦስት ጊዜ እንዳነሳ ደግሜ እነግረዋለሁ።

ኅዳር መጨረሻ። 5.4 ሰከንድ

ከ2005 እስከ 2009 ሌላ አምስት ወርቅ። የ2005ቱ ቡድን ሲድኒ ክሮዝቢን፣ ፓትሪስ በርዠሮንን፣ ሼይ ዌበርን አንድ ላይ ይዞ ነበር። ፍፃሜው ላይ ሩሲያን 6 ለ 1 አሸነፉ። ከእነዚህ አምስት ዓመታት ልጆቹ የመረጧቸው ሁለት ጊዜዎች አሉ።

አንዱ የ2007 ግማሽ ፍፃሜ ነው። ከአሜሪካ ጋር አቻ ወጥተው በፍፁም ቅጣት ምት ይለያያሉ። በዓለም አቀፍ ሕግ የመጀመሪያዎቹ መቺዎች ካለቁ በኋላ አንድ ተጫዋች ደጋግሞ ሊመታ ይችላል። ጆናታን ቴውስ ሦስት ጊዜ ሄደ። ሦስቱንም አገባ።

ሁለተኛው የ2009 ግማሽ ፍፃሜ ነው፣ ኦታዋ ላይ ከሩሲያ ጋር። 5 ለ 4 እየተመሩ ነው። በረኛው ወጥቶ ተጨማሪ አጥቂ ገብቷል። ፓኩ በእግር መሐል ተሽሎክልኮ ጎል ፊት ለነበረው ለጆርዳን ኤበርሌ ደረሰ። ሰዓቱ ላይ የቀረው 5.4 ሰከንድ። ወደ ሌላው እጁ አዙሮ ከፍ አድርጎ አገባ። በፍፁም ቅጣት ምት 6 ለ 5 አለፉ፣ ፍፃሜው ላይ ስዊድንን 5 ለ 1 አሸነፉ። ኤበርሌ የከተማችን ክለብ ኤድመንተን ኦይለርስ አስቀድሞ የመረጠው ልጅ ነበር። ከዚህ ፓክ ሥር የጻፍነው ቁጥሩን ብቻ ነው። «5.4»። የሚያውቅ ያውቃል፣ የማያውቅ ይጠይቃል።

ቀጣዮቹ ሁለት ብሮች ሁለቱም የፍፃሜ ሽንፈት ናቸው። በ2010 አሜሪካ በተጨማሪ ሰዓት 6 ለ 5። በ2011 ቡፋሎ ላይ ካናዳ 3 ለ 0 እየመራች ወደ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ገባች። ሩሲያ በዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ አምስት አገባች። ከዚያ እስከ 2015 ወርቅ የለም። የ2015ቱን ወርቅ ቶሮንቶ ላይ ያመጣው ቡድን ውስጥ ኮነር ማክዴቪድ ነበር። በዚያው በጋ ኦይለርስ መረጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን ልጆቹ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል።

የ2020ውን ወርቅ ደግሞ ልጆቼ ለማንም አያስነኩም። ኦስትራቫ፣ ቼክ ሪፐብሊክ። ሩሲያ 3 ለ 1 ትመራ ነበር። አቻ ሆኑ። ጨዋታው ሊያልቅ 3 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ሲቀረው አኪል ቶማስ ያመለጠውን ፓክ ደርሶ አገባ። በዚያ ቀን ብዙም ያልተሰለፈ ልጅ ነው። ጥቁር ካናዳዊ ነው። ልጆቻችን ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ ይላል፣ ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም።

ታኅሣሥ መግቢያ። ከባዱ ጽሑፍ

አንድ ነገር ሳይጻፍ ሊታለፍ አይችልም። ልጆች የሚያነቡት ሰሌዳ ስለሆነ ግን ተሰብስበን ተነጋገርንበት።

በ2022 ግንቦት ላይ፣ የካናዳ ሆኪ ፌዴሬሽን አንዲት ሴት ያቀረበችውን ክስ ከፍርድ ቤት ውጪ በገንዘብ መጨረሱ ታወቀ። ክሱ ከ2018ቱ ወርቅ አምጪ ቡድን የመጡትን ጨምሮ ተጫዋቾች በ2018 በጋ ኦንታሪዮ ውስጥ የወሲብ ጥቃት አድርሰዋል የሚል ነበር። አገሩ ተናወጠ። መንግሥት ድጋፉን አቆመ። ስፖንሰሮች ሸሹ። በኦክቶበር ዋና ሥራ አስፈጻሚው እና ቦርዱ በሙሉ ለቀቁ። አምስት ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ቀረቡ፣ በጁላይ 2025 አምስቱም ነጻ ተባሉ።

አንዳንዶቻችን «ይህ ለልጆች አይሆንም» አልን። አንዲት እናት ግን «የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አለኝ፣ ሆኪ መልበሻ ክፍል ይገባል። ከእኔ ካልሰማ ከማን ይሰማል?» አለች። ያ ነገሩን ቆረጠው። ከ2022 ፓክ ሥር እንዲህ ተጻፈ፦ «የፌዴሬሽኑ ቦርድ በሙሉ ለቀቀ። ለምን እንደሆነ ወላጅህን ጠይቅ፣ ወላጅሽን ጠይቂ።» ለወላጆች ደግሞ ፍሬ ነገሩን በአንድ ገጽ አዘጋጅተን ለየብቻ ሰጠን።

የ2022ቱ ውድድር ራሱ እዚሁ ኤድመንተን ነበር። በዲሴምበር 2021 ተጀምሮ በወረርሽኙ ምክንያት በጥቂት ቀን ውስጥ ተቋረጠ። ኦገስት ላይ እንደ አዲስ ተካሄደ። ብዙ ወንበር ባዶ ነበር። ከዚያ በፊት የ2021ዱም እዚሁ ያለ አንድ ተመልካች ነው የተካሄደው፣ ካናዳ በፍፃሜው በአሜሪካ 2 ለ 0 ተሸንፋ። በኦገስቱ ፍፃሜ ግን ከፊንላንድ ጋር ተጨማሪ ሰዓት ላይ አምበሉ ሜሰን ማክታቪሽ መስመሩን ሊያልፍ የነበረን ፓክ በስቲኩ ከአየር መትቶ አወጣ። ወዲያው ኬንት ጆንሰን በሌላው በኩል አገባ። 3 ለ 2።

በ2023 ኮነር ቤዳርድ 23 ነጥብ አስመዘገበ፣ ሃሊፋክስ ላይ ወርቁን ደገሙት። ሃያኛው የወርቅ ፓክ እሱ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሁለት ጥቁሮች አሉ። 2024 እና 2025፣ ሁለቱም ጊዜ በሩብ ፍፃሜ በቼክ ተሸንፈው።

ታኅሣሥ፣ ሁለተኛው ሳምንት። መስቀል

ፊደሉን በካርቶን ቆርጠን ቀለም በስፖንጅ እየነካን አሳረፍነው። ለግዕዝ ፊደል ካርቶን መቁረጥ ፈታኝ ነው። «ው» እና «ዐ» መሐላቸው ክብ ስለሆነ ሲቆረጥ ይወድቃል። ትንሽ ድልድይ እየተውን ቆረጥን፣ በኋላ በቀጭን ብሩሽ ሞላነው።

ፓኮቹ ከሰሌዳው ጀርባ በገባ ብሎን ነው የተያዙት። ከፊት ምንም አይታይም። የሁሉም ክብደት አንድ ላይ ወደ 8 ኪሎ ይመጣል፣ የኮምፔንሳቶው ሳይቆጠር። ስለዚህ ጋሼ ረጅም ጣውላ በ45 ዲግሪ ሰነጠቀ። ግማሹ ግድግዳው ላይ ተቸነከረ፣ ግማሹ ሰሌዳው ጀርባ ላይ። አንዱ በአንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ሁለቱ ሰሌዳዎች 2.44 ሜትር፣ 2.44 ሜትር ናቸው፤ መጋጠሚያቸው የ2001ዱ ነሐስ ቀጥሎ ላይ ወደቀ። ውሃ ልክ አስቀመጥን። ሚዛኑን ጠብቋል።

በቀኝ ጫፍ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የሚሆን ቦታ ተርፏል። ከዚያ በኋላ አዲስ ቁራጭ እንዲገጠምበት ማያያዣው ተሠርቶለታል። ያልተቀቡ ፓኮች በባልዲው ውስጥ አሉ። የ2026ቱ ውድድር ታኅሣሥ 17 ይጀምራል፣ ሚኒሶታ። ቀለሙን ያኔ እንመርጣለን።

ቅዳሜ ለት ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ቀዳዳው ውስጥ እጅ መክተት ነው። ትልልቆቹ 5.4ን ፈልገው አገኙ። አንዲት ዘጠኝ ዓመት የማይሞላት ልጅ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች ስሞቹን አነበበች። አንብባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «የሴቶቹስ የት አለ?» አለችኝ። ራሷ ሆኪ ትጫወታለች።

ሴቶቹ ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና አላቸው። የተጀመረው በ2008 ነው፣ እዚሁ አልበርታ፣ ካልጋሪ። የመጀመሪያውን ወርቅ አሜሪካ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ወርቁ በካናዳ እና በአሜሪካ መካከል ነው የሚመላለሰው። ጋሼ ትርፍ ኮምፔንሳቶውን በሜትር ለካው። ይበቃል። ትይዩ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። ከጥምቀት በኋላ እንጀምራለን፣ ልጅቷም የመጀመሪያውን ፓክ እንድትቀባ ተነግሯታል።